በጥጥ የተሸፈነ ሥጋት

ወይዘሮ ፈንታነሽ በዚያ ቅዳሜ ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የመጡት ስንዴ ሊሸጡ ነው ብሎ የሚያምን ቢኖር፣ የተሸከሙትን ያላየ ሰው ነው። ዋናው ጭነታቸው በነጠላ የተቋጠረ ንጹሕ ባዘቶ ጥጥ ነበር። ከጥጡ ጋር ደግሞ ኤልሳቤጥን አስከትለዋል።

ኤልሳቤጥ የሟች እኅታቸው የአበበች ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል። ያሳደጓት ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው፤ «እቴቴ» ብላ ትጠራቸዋለች። ለአስተርዮ ማርያም በዓል የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን አዲስ ነጭ ቀሚስ ሊለብሱ ስለሆነ ልኳን ልታስወስድ ነው የመጣችው። ግን ልክ ሊወሰድላት እንደሚሄድ ልጅ አትመስልም፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጠምጥማ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ከመሬት አታነሣም።

ሰፊዋ የሺ በረንዳ ላይ ካቆመችው የስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ኧረ እትዬ ፈንታነሽ! ገሳይ መንገዱ ጠፍቶ ነው ወይስ እኛ ተረሳን?» አለች።

«መንገዱስ አለ፤ ጉልበት ነው የጠፋ። ደኅና ከረምሽ የሺዬ?» አሉና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ለዚች ልጅ ቀሚስ በግራ በኩል፣ በውስጥ፣ ኪስ አብጂለት። ይኼን ጥጥ ትከቺበታለሽ» አሉ።

«ጥጥ? ቀሚስ ነው የምሰፋ ትራስ?»

«ቀስ በይ አንቺ! ሰው ይሰማል።»

ሰው በእርግጥ ሰምቶ ነበር። የጋውኗ ቁልፍ እስኪተከልላት በርጩማ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ነበረች። ሠናይት ትባላለች። የአንበሳሜ ልጅ ስትሆን ነርስነት ተምራ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ይቅርታ እትዬ፤ ሳልጠራ ገባሁ። ነርስ ነኝ። ልጅቱ አንዱ ጡቷ ከሌላው ስላነሰ ተጨንቃ ከሆነ ላነጋግራት ይፈቅዱልኛል?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ፊታቸው ቀላ። ክፉ ሰው ስላልሆኑ ግን ስድብ አልወጣቸውም። «የኔ ልጅ፣ ይኼ ያደባባይ ነገር አይደለም። ደግሞም መላ አግኝቼለታለሁ። ሰኞ አንድ አዋቂ ዘንድ እወስዳታለሁ። ትልቁን በጋለ ብረት ነካ ካደረገው ትንሹን መጋፋቱን ይተዋል ብሎኛል።»

ኤልሳቤጥ ብረቱን አሁን ገና መስማቷ ነበር። ነጠላዋን የያዙት ጣቶቿ ነጡ።

ሠናይት አልተቆጣችም። የሺ መጋረጃውን ሳበች፤ በረንዳው ላይ ከአራቱ በቀር ሰው አልነበረም። ሠናይት ልጅቱን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «ኤልሳ፣ ይህን ልዩነት ያየሽው መቼ ነው?» አለቻት።

«ማደግ ከጀመሩ ጀምሮ። የቀኙ ቀድሞ ወጣ። የግራው ዘገየ።»

«የሚያምሽ አለ? እንደ ጠጠር የሚዳሰስ እብጠት፣ ከጫፉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የቆዳ መቅላት?»

«የለም።»

«በልጅነትሽ ደረትሽን እሳት ወይም የፈላ ውሃ ነክቶሽ ያውቃል? አደጋስ?»

«የለም። ከእናቴ ነው የመጣብኝ ይላሉ።»

ሠናይት ወደ ወይዘሮ ፈንታነሽ ዞረች።

«እትዬ፣ ስንት በሬ አለዎት?»

«ይቺ ልጅ ስለ ጡት ስናወራ በሬ ትጠይቀኛለች! አንድ ጥንድ፤ ዳማና ቦራ።»

«እኩል ናቸው?»

«ምን እኩል ይሆናሉ! ዳማ በቁመት ስንዝር ይበልጣል።»

«ታዲያ አያርሱም?»

«ያርሳሉ እንጂ! እንዴት ያሉ በሬዎች መሰሉሽ!»

«የሴት ልጅ ጡትም እንደዚያ ጥንድ ነው። በጉርምስና አንዱ ቀድሞ ይነሣል፣ ሌላው በዓመት በሁለት ዓመት ይከተለዋል። ሃያ ዓመት ገደማ እስኪሆናት ብዙውን ጊዜ ይቀራረባሉ። ትንሽ ልዩነት ቢቀርም ተፈጥሮ ነው፤ ከማግባትም ሆነ ከማጥባት አያግድም። በጣም ከተራራቁ ደግሞ አንዳንዴ የደረት ጡንቻ ወይም ሆርሞን የሚባለው የዕድገት ቅመም ጉዳይ ስለሚሆን ሐኪም ያየዋል። ብረት ግን ጡትን አያሳድግም፤ ጠባሳ ብቻ ይተዋል።»

የሺ መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች። «ማንን ትጠይቃላችሁ፣ እኔ እያለሁ! ሃያ ዓመት ሜትር ይዤ ከእመጫት እስከ ሙሽራ ለካሁ፤ ግራ ቀኟ እኩል የሆነች ሴት ባገኝ ቀሚሷን በነጻ እሰፋላት ነበር። እስካሁን አንዲት አልመጣችም! የኔም ግራው ይበልጣል፤ አራት ልጅ በሱ ብቻ አጥብቼ። እኔ ዝም ብዬ ስፌቱን በአንድ በኩል ለቀቅ አደርገዋለሁ፤ ሴቶቹ ‹የሺ ስትሰፋ ያምርብኛል› ይላሉ።»

ኤልሳቤጥ ሳቀች። ወይዘሮ ፈንታነሽ ይህን ሳቅ ከመስቀል ወዲህ ስላልሰሙት፣ ንዴታቸው ከየት እንደ ጠፋ አላወቁም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አንዲት ልጅ ከብረት ዳነች፤ ጥጡም ወደ ገሳይ ተመለሰ እንል ነበር። ነገር ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው መጨነቅ በማይገባው ላይ ነው፤ የሚገባውን ግን ከነጠላው ሥር ይሸሽገዋል።

የሺ ሜትሩን አንሥታ፣ «በሉ እትዬ፣ የእርስዎንም ልውሰድ፤ ለበዓሉ ብለው የለ?» አለች።

«ባምናው ልክ ስፊው።»

«አምና ስለካዎት እኮ ወፍራም ጋቢ ደርበው ነበር። ክንድዎን ያንሡ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ግራቸውን አነሡ።

«ቀኙንም።»

«ቀኙ ደክሞታል።»

ይህን ጊዜ ኤልሳቤጥ ቀና አለች። «እቴቴ፣ ከጥቅምት ወዲህ ሁሉንም በግራዎ ነው የሚይዙ። ዛሬም ጥጡን ላግዝዎ ብል በግራ ትከሻዎ ተሸክመው መጡ።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ወደ ግራ ትከሻቸው ሲመለከቱ የታየቻቸው አበበች ናት።

አበበች የውሃ ጀሪካን ገመዷን ዕድሜ ልኳን በቀኝ ትከሻዋ ነበር የምታነግተው። አንድ ቀን ከምንጭ ሲመለሱ ወደ ግራ አዞረችው። ፈንታነሽ አዩ። አይተውም ቀለዱባት፤ «አንቺ፣ ቀኝ ትከሻሽን ለማን ዳርሽው?» አሏት። አበበች በጣም ሳቀች። «ለአንድ ሀብታም» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በግራዋ ተሸከመች፤ ቀልዱም የሁለቱ ሆኖ ሁለት ዓመት ቆየ። ስትሞት ፈንታነሽ በገዛ እጃቸው ሊገንዟት ቀሚሷን ሲከፍቱ ከቀኝ ጡቷ ላይ የተነባበረ ጥጥ አገኙ። ከሥሩ ቁስሉ ነበር። ጥጡ ግን ንጹሕ ነበር። በሞተችበት ቀን ጠዋት እንኳ ቀይራዋለች ማለት ነው።

እንደዚያ ያለ ጥጥ ዛሬ በነጠላ ተቋጥሮ እግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«እኅቴ ጡቷን ታማ ስትሸሽግ የጠየቅኋት መስሎኝ ነበር» አሉ በዝቅታ። «ቀለድሁባት እንጂ አልጠየቅኋትም።»

የሺ አቀፈቻቸው። ሠናይት በርጩማዋን አስጠግታ፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከጥቅምት። የቀኙ አበጠ፤ ከውስጡ እንደ ሎሚ ያለ ነገር ይዳሰሳል። ድሮ ሁለቱ የሚመሳሰሉ ነበሩ።»

«ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የኤልሳ አለመመጣጠን አብሯት ያደገ ነው፤ የእርስዎ አዲስ ነው። ዳማ ከቦራ መብለጡ ምንም አይደለም፤ ዳማ ትናንት ደኅና ሄዶ ዛሬ በአንድ ትከሻው ቢያነክስ ግን ምን ያደርጋሉ?»

«ቀንበሩን አውርጄ አየዋለሁ።»

«ላምዎስ፣ ከአራቱ ጡቷ አንዱ ድንገት ቢያብጥ?»

«የእንስሳት ሐኪም እጠራለሁ። አምና ጠርቼ የለ!»

«ለላሟ ሐኪም፣ ለባለቤቷ ጥጥ?»

የሺ ሳቋን መያዝ አቅቷት በሜትሩ አፏን ሸፈነች። ወይዘሮ ፈንታነሽም ሳይወዱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን የደጋ ሰው በአንድ ምሳሌ አይረታም።

«ልጄ፣ አበበችንም እኮ ባሕር ዳር ወስደናታል። በሐኪም ቤት ደጅ የሄደ ነው የሚሞተው።»

«ከታመሙ በስንት ጊዜው ወሰዷቸው?»

«ስትወድቅ። በሁለት ዓመቱ። ሐኪም ሳያያት ደጁ ላይ አረፈች።»

«እህል ከረገፈ በኋላ ማጭድ ብናወጣ ጥፋቱ የማጭዱ ነው? ቀድሞ ከተገኘ ካንሰርም ቢሆን ይታከማል። ደግሞ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፣ የማይጎዳ እባጭ አለ፣ በምታጠባ ሴት ላይ መግል አለ። የትኛው እንደ ሆነ ግን በመፍራት አይታወቅም፤ በማየት እንጂ።»

«ጠበል እጠመቃለሁ።»

«ይጠመቁ! ጠበሉ ከሐኪም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ጸሎት ይዘውልን ይምጡ፤ እኛም ደስ ይለናል።»

«ሐኪሙ ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው፤ ዶክተር ምሕረትአብ። እኔ ግን ከአጠገብዎ አልለይም። የሚታየው ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው ይሸፈናል። እምቢ ካሉትም ይቆማል።»

ክርክሩን የጨረሰችው የተማረችው ሠናይት አይደለችም፤ ኤልሳቤጥ ናት። ጥጡን ከመሬት አነሣችና ጭናቸው ላይ አኖረችው። «እቴቴ፣ እኔ ሁለት እናት ልቅበር?» አለች።

ወይዘሮ ፈንታነሽ የልጅቱን ራስ ወደ ደረታቸው፣ በቀኝ በኩል፣ ሳቡት። አመማቸው፤ አልለቀቁም። «እንግዲህ ሰኞ ለብረቱ የቆረጥሁት ቀን አለ» አሉ። «ቀኑን ለምን አባክነዋለሁ? ሆስፒታሉ ይውሰደው።»

ሰኞ ሄዱ። ዶክተር ምሕረትአብ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጡት አልነበረም፤ ስለ ገሳይ ገብስ ነበር። ቀጥሎ እብጠቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ስንት ልጅ እንዳጠቡ፣ ከቤተሰብ በዚህ የታመመ መኖሩን ጠየቁ። ክንዳቸውን ዝቅም ከፍም አስደርገው አዩ፤ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ተሰርጉዶ እንደ ሆነ፣ ጫፉ አዲስ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ እንዳለ መረመሩ፤ ብብታቸውንም ዳሰሱ። ከዚያ በአልትራሳውንድ አዩት። በመጨረሻ በቀጭን መርፌ ገብተው ሲስቡ፣ መርፌው እንደ ጠላ አተላ በደፈረሰ ውሃ ተሞላ፤ ሎሚ ያህሉ እብጠት እዚያው ጠፋ።

«ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው» አሉ ዶክተሩ። «እኅትዎ በዚህ ስለ ሞቱ ለጥንቃቄ ውሃውን ለምርመራ እንልከዋለን። በስድስት ሳምንት ተመልሰው ይምጡ፤ ከዚያም በየዓመቱ እንያዎት።»

«ውሃ?» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከአልጋው ቀና ብለው። «ሦስት ወር ሙሉ ያስለቀሰኝ፣ ስኒ የማይሞላ ውሃ?»

ኤልሳቤጥም ታየች። ዕድገቷ ጤናማ ነው ተባለ፤ ከፍ ስትል የእናቷን ሕመም ለሐኪም ነግራ ክትትል እንድትጀምር ተመከረች። የምርመራው ውጤት በሳምንቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከሆስፒታሉ በር ላይ ያሰሙት እልልታ ዘበኛውን ከወንበሩ አስነሣው። «ልጅዎ ወለደች እንዴ?» ቢላቸው፣ «አዎ፣ እኔ ተወለድሁ!» አሉት።

በአስተርዮ ማርያም ኤልሳቤጥ ኪስ በሌለው ቀሚስ፣ ትከሻዋን ለቅቃ ዘመረች። የሺ ስፌቱን በግራ በኩል ጠበብ፣ በቀኝ ለቀቅ አድርጋው ነበር፤ ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም። ጥጡን ደግሞ ወይዘሮ ፈንታነሽ ፈትለው ሰም አስነክረው ጧፍ አደረጉት፤ በአበበች ሙት ዓመት ዕለት በራ።

ከዚያም በማርያም ማኅበር ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ተነሥተው ተናገሩ። «እኅቶቼ፣ ግራና ቀኛችሁ እኩል ባይሆን አትፈሩ፣ ልጆቻችሁንም አታሳፍሩ፤ እግዜር በሜትር አልሠራንም። ትናንት ያልነበረ እብጠት፣ መሰርጎድ፣ ደም ወይም የማይድን ቁስል ካያችሁ ግን፣ ባያምም እንኳ፣ በዚያው ሳምንት ሂዱ። በወር አንድ ቀን ራሳችሁን ተመልከቱ፤ የራሱን ደጅ የሚያውቅ ሰው እንግዳ የገባ ዕለት ያውቃል። የፈራሁትን ባሳይ ውሃ ሆነ። እኅቴ የፈራችውን ብትሸሽግ ሞት ሆነ።» በሚቀጥለው ሰኞ ከገሳይ በሚኒባስ ስድስት ሴቶች አብረዋቸው ወረዱ፤ አንዷ መድኃኒት ተሰጣት፣ አንዷ ለተጨማሪ ምርመራ ተላከች፣ አራቱ ደኅና ናችሁ ተብለው እየቀለዱ ተመለሱ።

በጾሙ መግቢያ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከጎረቤታቸው ከፋሲካ ጋር ከምንጭ ሲመለሱ፣ ፋሲካ የጀሪካኗን ገመድ ከቀኝ ወደ ግራ አዞረችው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ቆሙ። የዱሮው ቀልድ ምላሳቸው ላይ ነበር፤ ዋጡት።

«ፋሲካ፣ ቀኝሽ ምን ሆነ?»

«ኧረ ገመዱ ልጦኝ ነው እትዬ!»

«አስቀምጪውና አሳዪኝ።»

ፋሲካ እየሳቀች ጀሪካኗን አወረደች፤ ትከሻዋን ገለጥ አደረገች። እውነትም ገመዱ ነበር የላጣት። ወይዘሮ ፈንታነሽ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉላትና የራሳቸውን ገመድ በቀኝ ትከሻቸው አንግተው ሽቅብ መውጣት ጀመሩ።