የባይ ዊክ ሽምግልና

አሮጊት አንድ ነገር ሳታደርግ ስትቀር ረስታ ነው የምትሉት እስከ መቼ ነው? እኛ ቤድፎርድ ከተማ ያለን ዘመዳሞች ፋንታሲ ፉትቦል እንጫወታለን። እያንዳንዳችን ከአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች መርጠን ቡድን እንሠራለን፤ እነሱ ሜዳ ላይ ሲቀናቸው ነጥቡ ለእኛ ይቆጠራል። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ፈተናው ባይ ዊክ ነው፤ ክለቦቹ በየተራ አንድ ሳምንት ያርፋሉ። የእኔ ምርጥ ሯጭ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋቼ፣ ሲያርፍ ቦታውን ባዶ ተውኩት። ሌላ ለማስገባት አንዱን ከቡድኔ መልቀቅ ነበረብኝ፤ የለቀቁትን ደግሞ የሚቀልብ አይጠፋም። አንድ ሳምንት መሸነፍ ይሻለኛል ብዬ ተቀመጥኩ።

የይለፍ ቃሌን የሚያውቀው የእህቴ ልጅ ዳዊት ደወለ። «እትዬ፣ የረሱ መስሎኝ አስተካከልኩልዎት።» ሯጬን ለቆ ሌላ አስገብቶልኛል። አብሮን የሚጫወተው የሚስቱ ወንድም ጌቱ ሯጬን ወዲያው ለራሱ ቡድን ወሰደው፤ «እትዬ፣ ልጅዎ እኔ ጋ ተመችቶታል» ብሎ ቀለደብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በገዛ ሯጬ አሸንፎኝ ከውድድሩ አስወጣኝ።

የዳዊትን ስልክ ማንሳት ስተው ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ላከብኝ። «እማማ፣ ለጨዋታ ይኮራረፋሉ?» አለኝ አንዱ።

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ልጁ እኮ አክብሮዎት ነው።»

«ቢያከብረኝ ይጠይቀኝ ነበር» አልኩና እንዲወጡ በሩን ከፈትኩላቸው። ዳዊትን ይቅር አላልኩም። ጌቱንም፣ እነሱንም።