የዘርፌ ዘንቢል

(ደሴ፣ በካሴቱ ዘመን፤ ዘፋኙ ጋሽ አራጋው በልጁ ሠርግ ዋዜማ ኮሜዲያኑ ሙሄ በሚቀዳባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሟል፣ ተቀመጥ ቢባልም እምቢ ብሏል።)

አራጋው፦ በቃ፣ ሰብስበው ነው የምልህ።

ሙሄ፦ ምኑን ጋሼ?

አራጋው፦ ዘፈኔን የቀለድክበትን ካሴት ነዋ! ከየሱቁ፣ ከየታክሲው፣ ከየሰዉ ቤት። እስከ ነገ ጠዋት።

ሙሄ፦ የደሴውን ብቻ ነው ወይስ ኮምቦልቻንም ይጨምራል?

አራጋው፦ አትቀልድብኝ።

ሙሄ፦ አልቀለድኩም። ስቀልድ ሰው ይከፍለኛል።

አራጋው፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቀኸኝ ነው።

ሙሄ፦ ኧረ ጋሼ! በዚህ ካሴት ላይ የስንቱን ዘፋኝ አጥር ነቅንቄአለሁ። ሁሉም ደውለው አመስግነውኛል። አንድ ሰው ብቻ ነው የተቆጣኝ፤ እሱም ያልነካሁት ነው።

አራጋው፦ የእነሱ ዘፈን አልተበላም። የእኔ ተበልቷል። ያውም በሽንኩርት።

ሙሄ፦ እስቲ አረፍ ይበሉና እንነጋገር።

አራጋው፦ አልቀመጥም። ሰው ተቀምጦ አይጣላም።

ሙሄ፦ እሺ፣ እኔም ልነሳ። ነገ የሰናይት ሠርግ አይደል እንዴ? የሙሽራ አባት በዋዜማው ድንኳን ያስተክላል እንጂ ከእኔ ጋር ምን ያደርጋል?

አራጋው፦ ለሠርጉ ብዬ ነው የመጣሁት። ሙሽሮቹ ሲገቡ የዘርፌን ዘፈን እዘፍናለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

ሙሄ፦ ይዝፈኑዋ። የራስዎ ዘፈን፣ የራስዎ ሚስት።

አራጋው፦ ዘፈኑ እንኳ የራሴ ነበር።

ሙሄ፦ ምን ሆነ?

አራጋው፦ ባለፈው የቀለበቱ ቀን ለመንኩ፣ ማይክ ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «የንጋት ኮከብ አነባች» ልል አፌን ከፈትኩ።

ሙሄ፦ እሺ።

አራጋው፦ «ሽንኩርት ሻጩ አነባ» አልኩ።

ሙሄ፦ (አፉን በእጁ ይዞ) እህ።

አራጋው፦ ምነው አፍህን ያዝክ?

ሙሄ፦ ሳቄን እየታገልኩ ነው ጋሼ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

አራጋው፦ አንተ እንኳ ታግለሃል። እዚያ የነበረው ሰው ግን አልታገለም።

ሙሄ፦ ታዲያ ቶሎ ብለው አያርሙትም ነበር?

አራጋው፦ ማን ፋታ ሰጥቶኝ! ቤቱ በሙሉ ተቀብሎ «ቢላ ሳያነሳ» አለ። የሙሽራው አባት ቄሰ ገበዝ ናቸው። ከሁሉም በላይ ጮኸው ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሙሄ፦ ድምፅ አላቸው ማለት ነው።

አራጋው፦ ዘርፌ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ዘፈን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «ራትህ ይኸው፣ ካልሲህ ይኸው» ብቻ። ይኼን ሁሉ ዘመን የእሷ የነበረ ዘፈን፣ በልጇ ቀለበት ሽንኩርት አደረግኩባት።

ሙሄ፦ ግጥሙ ጠፍቶብዎት ነው?

አራጋው፦ ቤቴ ስሆን አለ። ስታጠብም አለ። ሰው ፊት ስቆም ነው ሽንኩርቱ የሚቀድመው። አሁን ራሱ ስመጣ ታክሲው ውስጥ ያንተን ካሴት ከፍተውታል። ሳላስበው አብሬ አንጎራጎርኩ። ሾፌሩ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ሙሄን ሲያስመስሉ ቁርጥ እሱን ነዎት» አለኝ።

ሙሄ፦ ምን አሉት?

አራጋው፦ አመሰገንኩት። ምን ልበለው?

ሙሄ፦ አሁን ካሴቱን በሙሉ ለቅሜ ባቃጥለው፣ ከእርስዎ አፍ ይወጣል?

አራጋው፦ አይወጣም።

ሙሄ፦ ታዲያ ምን ላድርግልዎ?

አራጋው፦ እሾህን በእሾህ ነው። ያስገባኸው አንተ ነህ፣ አንተው አውጣልኝ። ኮከቡን ዝፈንልኝ። ደህና አድርገህ፣ ሳትቀልድ። ነገ ደግሞ ሽንኩርቱ ቢቀድመኝ ያቺ ሴት ምን እንደምትሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ ሙሄ።

ሙሄ፦ አብሽሩ ጋሼ። ግን እኔ ሳልቀልድ ስዘፍን ሰው የታመምኩ ይመስለዋል።

አራጋው፦ ዝፈን አልኩህ።

ሙሄ፦ «የንጋት ኮከብ አነባች ፀሐይ ሳትነሳ፣
አንገትሽን ገና ሳይ ልቤ ራሱን ረሳ።»

አራጋው፦ ይኸው! አንተ እንዴት ነው የማትሳሳተው?

ሙሄ፦ ሰው የማያውቀውን አያበላሽም። በሉ ተራዎ ነው።

አራጋው፦ «የንጋት ኮከብ አነባች ቢላ ሳያ…» አየህ? አየህ አይደል?

ሙሄ፦ ኮከቧ ቢላ ይዛለች። መሻሻል ነው።

አራጋው፦ እኔ እኮ ቤቴ ሊፈርስ ነው!

ሙሄ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አይቆጡም?

አራጋው፦ ተቆጥቼ ነው የመጣሁት፤ ጠይቅ።

ሙሄ፦ አንገቱ የማን ነው?

አራጋው፦ የምን አንገት?

ሙሄ፦ «አንገትሽን ገና ሳይ» የሚሉት።

አራጋው፦ የዘርፌ ነዋ!

ሙሄ፦ እትዬ ዘርፌ አንገት አላቸው እንዴ? ማለቴ… ይኖራቸዋል። ግን ዘፈን የሚወጣለት ነው?

አራጋው፦ ግጥሙን ከአዲስ አበባ ነው የገዛሁት። ገጣሚው እሷን በዓይኑ አላያትም። በዚያን ጊዜ ለመጣ ዘፋኝ ሁሉ አንድ አንድ አንገት ይሰጥ ነበር።

ሙሄ፦ ይኼን ለእትዬ ነግረዋቸዋል?

አራጋው፦ «ላንቺ ነው» ብዬ ሰጠኋት፤ አለቀ።

ሙሄ፦ አመኑ?

አራጋው፦ በተጣላን ቁጥር «ሂድ ወደዚያች ወደ አንገተ ረጅሟ» ትለኛለች። ያልተፈጠረች ሴት ስክድ ነው ያረጀሁት።

ሙሄ፦ ዘንቢሉስ የማን ነው?

አራጋው፦ የምን ዘንቢል ደግሞ?

ሙሄ፦ «ሽንኩርት ሻጩ አነባ ቢላ ሳያነሳ፣
ዘንቢልሽን ገና ሲያይ ዋጋውን ረሳ።»

አራጋው፦ አንተ ነህ የጻፍከው፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?

ሙሄ፦ ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ያኔ ለባንዱ ስፒከር ስሸከም፣ ወልዲያ ስንሄድ እርስዎ ጋቢና ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለ እሳቸው ነበር። ዘርፌ ገበያ ስትገባ ነጋዴ በነጋዴ ይጠቃቀሳል፣ «ዘንቢሏ መጣች» ይባባላል፣ አንዱ ሽንኩርት ሻጭ ከእሷ ጋር ዋጋ ሲከራከር እንባው መጣ ብለው።

አራጋው፦ እውነቴን ነው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ሰውየው «እመቤቴ፣ ሽንኩርቱን ውሰጅውና እኔን ተይኝ» አላት።

ሙሄ፦ ያኔም እንደዚህ ነበር የሳቁት።

አራጋው፦ አልሳቅኩም።

ሙሄ፦ እሺ፣ አልሳቁም።

አራጋው፦ ይኼ ሁሉ ለሽንኩርትህ ጥብቅና ነው?

ሙሄ፦ አይደለም። ትናንት እትዬ ዘርፌ እዚህ መጥተው ነበር።

አራጋው፦ እዚህ? የት?

ሙሄ፦ እዚችው ክፍል። እሳቸው እንኳ ተቀምጠዋል።

አራጋው፦ ልክ ልክህን ነግራህ ሄደች በለኛ።

ሙሄ፦ «ወጥ ቤት ገብቼ በሩን የዘጋሁት ሆዴን ይዤ ልስቅ ነው፤ ቄሱ ፊት አፍሬ» አሉኝ። «ስቄ ስጨርስ ደግሞ አለቀስኩ» አሉ።

አራጋው፦ ለምን አለቀሰች?

ሙሄ፦ «ያቺን አንገተ ረጅም አላውቃትም። ዘንቢሉ ግን የኔ ነው» አሉ።

አራጋው፦ የኔ ነው አለች?

ሙሄ፦ እንደዚያ ነው ያሉት ጋሼ።

አራጋው፦ ታዲያ ለእኔ ለምን አትነግረኝም?

ሙሄ፦ እኔም ጠይቄአቸው ነበር። «ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉኝ።

አራጋው፦ እንዴት አድርጌ ልጠይቃት? የተቀየመች መስሎኝ ካልሲዬን እንኳ በፍርሃት ነው የተቀበልኳት።

ሙሄ፦ መልእክትም ትተዋል። «ነገ ያን አንገት ከዘፈነ አሁንም ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ለሳቅ አይደለም» በለው ብለዋል። ለእኔ ደግሞ ሁለተኛ ስንኝ ጨምርበት ብለው አዘውኛል።

አራጋው፦ ጨመርክ?

ሙሄ፦ ሞከርኩ። ሻጩ አለቀሰ፣ ዋጋውን ረሳ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወልዲያ ደረስንና ወሬው እዚያ ላይ ተቋረጠ።

አራጋው፦ ብርቱካኑን አልነገርኳችሁም?

ሙሄ፦ የምን ብርቱካን?

አራጋው፦ ካስለቀሰችው በኋላ አንጀቷ አልችል አለ። ትንሽ ሄድ ብላ ተመለሰችና ለሰናይት የገዛችውን ብርቱካን ከዘንቢሉ አውጥታ ሰጠችው። እኔ እንዳላያት በነጠላዋ ከልላ። ያን ቀን ነው እኔ… ወንበሩን ወዲህ በለውና ጻፍ። ይኼን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።