አጭሩ የጋቭሪል ዛቢያ

የምስክር ስም፦ ዶምኒካ ህሪጽኩ
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ቡኮቪና፣ ፍራሲን ሸለቆ፣ ላይኛው መንደር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2006

ባለቤቴ ኢላሪዬ ላይ ግንድ አንከባሎ እግሩን ሰብሯል ተብሎ ስለታሰረው ጎረቤታችን ቶዶር ቦካ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሰው ያለ ጥፋቱ በመታሰሩ መናደዴም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

በእኛ ሸለቆ ግንድ የሚጎተተው ጻፒና በሚባል ባለ ዛቢያ መሳቢያ ነው። ብረቱ እንደ ወፍ መንቆር የሾለ ሲሆን ዛቢያው በባለቤቱ ቁመት ይቆረጣል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ብረቱ መሬት ነክቶ፣ የዛቢያው ጫፍ ዳሌው ላይ መድረስ አለበት። አባት ሲሞት ደግሞ ልጅ የሙት ዓመቱ እስኪወጣ በአባቱ ጻፒና ይሠራል፤ ዛቢያውን አይነካም። አማቴ ጋቭሪል ያረፉት በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ነው። እርሳቸው አጭር ነበሩ። ባለቤቴ በማን እንደወጣ እንጃ፣ በራችንን ጎንበስ ሳይል አይገባም። የአባቱ ዛቢያ ከጉልበቱ እምብዛም አያልፍም።

ሰኞ ጠዋት በሱቁ በር ቶዶር ባለቤቴን፣ "አንተ ልጅ፣ ጎብጠህ ልትቀር ነው እኮ! ጋቭሪል ራሱ ቢያይህ በሳቅ ይሞት ነበር" አለው። ባለቤቴም "ዓመቱ ሳይወጣ አልነካውም ጋሼ ቶዶር፣ በቃ ተወኝ" አለ። ቶዶር ጻፒናውን ሊቀማው ሲታገል ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ እሱም ተሳድቦ ሄደ። ጸበኞች ናቸው የተባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከቤታችን ጀርባ ከተከመረው ግንድ ለክረምት የሚማገደውን እያወረድን ነበር። በልኩ የተቆረጠ ዛቢያ የያዘ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ይስባል። ባለቤቴ ግን ዛቢያው ስላጠረው ክምሩ ሥር ገብቶ ጎነበሰ። የታችኛውን ሲስብ የላይኛው ተንሸራተተ። ቶዶር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ "ጣለው! ጣለውና ውጣ!" እያለ ጮኸ። ባለቤቴ የአባቱን ዕቃ አልጥልም ብሎ ቆየ፤ ግንዱም እግሩ ላይ ወደቀ። ቶዶር አጥሩን ዘሎ፣ የራሱን ጻፒና ግንዱ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሳበው፤ እኔ ባለቤቴን ጎትቼ አወጣሁ።

ቶዶር ነው ያንከባለለው ብለው የመሰከሩት ወይዘሮ አግሪፒና ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ ያዩት ቶዶር ብረቱን ግንዱ ላይ ተክሎ ሲታገል ነው። ዋሹ አልልም፤ ከመንገድ ሆኖ ላየው እንደዚያ ነው የሚመስለው። ብረቱ የበሳው ግን ባለቤቴ ከወደቀበት ተቃራኒ ጎን ነው፤ ጻፒና ደግሞ ይስባል እንጂ አይገፋም። ግንዱ አልተነሳም፤ ሄዳችሁ እዩት።

ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ፋሲካ ሲደርስ ቆሞ ይሄዳል ብሎኛል፤ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ባለቤቴ ቶዶር መታሰሩን ስነግረው አለቀሰ። ቀጥሎም "አባቴ ልጁን አንካሳ ማድረግ አይፈልግም። ጋሼ ቶዶር አዲስ ዛቢያ ይቁረጥልኝ" አለ። ለዛቢያ የሚሆን እንጨት የሚቆረጠው ቅጠሉ ረግፎ ውርጭ ሳይጠና፣ ማለትም አሁን ነው። "አንተ ተኝተህ በምን ይለካል?" ብዬ ስጠይቀው ሳቀና በእጁ የሽርጤን መቀነት ነካ። "ስንጨፍር ዳሌዬ የሚደርሰው እዚህ አይደል? አንቺን አቁሞ ይለካ" አለኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። በፖሊስ መዝገቡ ላይ "ተጠርጣሪው" የሚለው "ጎረቤታችን" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ አይቻልም ተብያለሁ። የቀረው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ። ቶዶር እስኪለቀቅ ከጣቢያው በር አልንቀሳቀስም፤ የዛቢያው ልክ ያለው እኔ ላይ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ዶምኒካ ህሪጽኩ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሴቬሪን ሙንታኑ