የአራጌ ወፍጮ ቦታ

— ሄሎ... አቤት... ማን ልበል?... ጮክ በይ እናቴ፣ ጆሮዬን ወፍጮ ነው የጨረሰው... አሃ፣ ሳሊሀ! የወንድሜ ልጅ! ወአለይኩም ሰላም... እኛማ ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። እናትሽስ?... አልሀምዱሊላህ።

— ሙሚና፣ ሳሊሀ ናት፣ ከሮቢት። ሰላም ትልሻለች።

— እሺ ንገሪኝ... ምን ከፈትኩ አልሽ?... የእህል ወፍጮ? አንቺ?... አልሳቅኩም። ወላሂ ሳል ነው። ማሻአላህ ልጄ። እኔ አጎትሽ ወፍጮዬን ውሃ ወስዶብኝ ኮቦ ከገባሁ ወዲህ ከዘመድ ሁሉ ሞተር የሚነካ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም... ይሄ የሚንጓጓው እሱ ነው? እየፈጨሽ ነው የምትደውዪልኝ?... ተይው፣ ይሥራ። ናፍቆኛል።

— ምክር?... ምክሩንማ ከመክፈትሽ በፊት ነበር መጠየቅ። ይሁን፣ ያዢ። መጀመሪያ ሰልፍ ነው። ከሩቅ ቀበሌ አህያ ጭና የመጣችውን አስቀድሚ፣ የሊቀመንበሩን ሚስት አስከትዪ... ትቆጣ። ተቆጥታ የት ትሄዳለች? ያችኛዋ ግን ሳይመሽባት ከገባች፣ ለሚቀጥለው ገበያ ጎረቤቶቿን ይዛልሽ ትመጣለች።

— ሌላው ርጋፊው ነው። ድንጋዩ ሥር የሚቀረውን ዱቄት የእህሉ ባለቤት እያየችሽ ጠርገሽ ስጫት። ለዶሮዎቼ ብለሽ አንድ ጭብጥ ብታስቀሪ ሮቢት በሦስት ቀን ሌባ ይልሻል... በርበሬ? በርበሬ ከገበያ ማግስት ብቻ። ከዚያ ማሽላ አስገብተሽ ድንጋዩን ታጠቢዋለሽ፣ አለዚያ ያራስ ገንፎ ታቃጥያለሽ... አዎ፣ እኔ አቃጥዬ ነው የማውቀው። ባሏ ዱላ ይዞ ነበር የመጣ።

— ድንጋዩን ማን ይወቅርልሻል?... አብዱሰመድ? እሱ ጎበዝ ነው። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው አጠገብ ስትቆሚ ግን ሻሽሽን ወደ ውስጥ ጎስጉሺው። የሚንጠለጠል ነገር አይወድም። እሺ በይኝ... እሺ።

— ቦታውስ? የሥራው ግማሽ ቦታው ነው። ሰው የሚያልፍበት... ምን አልሽ?... አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ... የማን ቦታ?

— የኔን ቦታ።

— ...አለሁ። አልተቋረጠም፣ አለሁ። እዚያው፣ የኔ ወፍጮ የነበረበት? ደረቁ ወንዝ ዳር?... አይ፣ አልከፋኝም። ልታስደስቺኝ ብለሽ ነው፣ ገብቶኛል... ሰዉ አሁንም የአራጌ ወፍጮ ቦታ ይለዋል? ደንበኛው እግሩ ለምዶታል፣ እውነትሽን ነው... ባለመሬቱ ካሳ ነው ያከራየሽ። ርካሽ እንደሆነ ሳትነግሪኝም አውቃለሁ።

— ሙሚና፣ እስኪ ደጅ ወጥተሽ ደጋውን እይልኝ... በላስታ በኩል። ምንም አልሆነም፣ ዝም ብለሽ እይልኝ።

— ሳሊሀ፣ እናንተ ጋ ሰማዩ እንዴት ነው?... ፀሐይ። ጠብ አላለም... ልጄ፣ በነሐሴ እዚያ ቦታ ላይ ፀሐይ ምንም ማለት አይደለም። ዝናቡ ደጋ ይዘንባል፣ ውሃው እናንተ ጋ ይመጣል... ክትሩ? አዎ፣ ከኔ በኋላ ገበሬው በበሬ እየሳበ ወንዙን የሚመልስ አፈር ቆልሎበታል። አይቼዋለሁ፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እሱ እስካለ ድረስ...

— ቆይ። የቤቱን ወለል በምን ነው የሞላሽው?... ጥቁር አፈር። ከየት ያመጣሽው?... ከጓሮ።

— ጓሮሽ እኮ ክትሩ ነው፣ ሳሊሀ።

— ስንት ጋሪ?... ሠላሳ። እዚህም እዚያም ነው የቆፈሩት ወይስ... አንድ ቦታ። ከሞተሩ ኋላ። ያ አላህ።

— ምን አየሽ ሙሚና?... ጠቁሯል? ከመቼ ጀምሮ?... ከዙህር በፊት? እና እስካሁን... አይ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ደጋው ጠቁሯል። ከዙህር በፊት ጀምሮ ነው አሉ፣ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው... አትሳቂ... ምን?... ውሃው ሲመጣ እንዳንተ እሰማዋለሁ አልሽ?

— ሳሊሀ፣ ስሚኝ። ያንን ወሬ ተይው። በየሠርጉ የማወራውን፣ ውሃውን ከሩቅ ሰምቼ ሰዉን አስወጣሁ የምለውን። ውሸት ነው። ምንም አልሰማሁም። ወፍጮ እየሠራ ማንም ምንም አይሰማም። የአንዲት ሴት አህያ ገመድ በጥሳ ሸሸች፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሳቀ ሊይዛት ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። ዞር ስል ቤቱ የለም። አህያዋ ናት ያዳነችን... አፍሬ ነዋ! በአህያ ተረፍኩ ብዬ ለሰው ልንገር? ጀግና ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ እየጨመርኩበት ሄድኩ። አንቺም ሕፃን ሆነሽ ሰምተሽኝ አመንሽኝ። አፉ በይኝ ልጄ።

— አሁን ወፍጮውን አጥፊው... አሁን ነው የምልሽ። ስንት ሰው አለ እዚያ?... ስድስት ሴቶች። ሕፃን ያዘለች አለች?... እህሉ መሐል ላይ ነው? ይቅር። ትሰድብሽ፣ እኔ እክሳታለሁ በያት። ናፍጣውን ዝጊው።

— አጠፋሽው?... አላጠፋሽውም፣ እኔ እየሰማሁት ነው።

— ቺንጋው ቆሟል?... በዓይንሽ አየሽው?... እጅሽን ድንጋዩ ላይ አድርጊ... ቆሟል።

— ታዲያ ይሄ የሚንጓጓው ምንድን ነው?

— ሳሊሀ። ስልኩን ጣዪው። ሴቶቹን ይዘሽ ወደ አስፋልቱ፣ በወንዙ በኩል አይደለም፣ በበቆሎው ውስጥ... ጆንያውን ተዪው በያት። ጎትቻት። ሩጪ ልጄ፣ ሩጪ...

— ሄሎ... ሳሊሀ... ትሰሚኛለሽ?... ሄሎ...

— ተቋረጠ፣ ሙሚና... አልጮኸችም። እሷን አይደለም የሰማሁት። ውሃውን ነው። ዛሬ ሰማሁት።