ሳንታወክ የጠጣነው ውሃ

ነይ እስቲ ሲስተር፣ ብርድ ልብሱን በዚያ በኩል ሳቢልኝ፤ እትዬን ሳንቀሰቅስ እናልብሳቸው። ምን ዓይነት ሳሙና ነው የምትጠቀሙት? እንዲህ የነጣ አንሶላ አይቼ አላውቅም። መስኮቱንም ትንሽ ገርበብ አድርጊው… እንዲያ። ደማቸው በማሽን ታጥቦ ሲመለሱ ድክም ይላሉ።

እኔ? ጎረቤት ነኝ፤ ግድግዳ ነው የሚለየን። ዘመድማ አላቸው፣ አንድ ልጅ፣ ትልቅ ሰው። እዚያ ወንበር ላይ ጋዜጣ የያዙት ጌታ? ኧረ እሳቸውን አይደለም የማወራሽ። እሳቸው ያንብቡ… ገጹን ሳይገልጡ ቆዩ እንጂ።

እኔ የማወራሽ ስለ አንድ የማውቀው ሰው ነው፤ በውሃ መሥሪያ ቤት የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ። ሥራው ምን መሰለሽ? የትኛው ወረቀት ለሕዝብ ይነገር፣ የትኛው ይቆለፍበት ብሎ መወሰን። ቀላል ይመስልሻል? እኔና አንቺ ብንሆን አንድ ቀን ለእናታችን ሹክ ብለን ሥራውን እናበላሽ ነበር። እሱ ግን… ወንድ ልጅ።

ከሰፈራችን በላይ የቆዳ ፋብሪካ አለ። ባለሙያዎች መጡና የጉድጓዳችንን ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ለምርመራ ወሰዱ። ውጤቱ ምን ሆነ? እኛማ ምን እናውቃለን። ደህና ቢሆን ነው ዝም ያሉት ብለን ጠጣን። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? እውነት ነው፣ ዝምታው አልነቀዘም… የነቀዘው ኩላሊት ነው።

ታዲያ እናቱን ይወዳል ስልሽ። እሁድ እሁድ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ የታሸገ ውሃውን በብብቱ ይዞ ይገባል። ሻይ ሲያቀርቡለት፣ «ይቅርብኝ እማ፣ ጨጓራዬ ነው» ይላል። እናትየው ቤታቸውን የተጸየፈ መሰላቸው። ብርጭቆውን ደጋግመው ማጠብ፣ አዲስ ማንቆርቆሪያ መግዛት… አሁንም «ይቅርብኝ እማ»። አንድ ቀን ግድግዳውን ደብደብ አድርገው ጠሩኝና፣ «እስቲ ቤቴን አሽትቺልኝ፤ ምን ይሸታል?» አሉኝ። ገብቼ አሸተትኩ። ከሳሙና ሌላ ምን ይሸታል? «ምንም» አልኳቸው። «ታዲያ ልጄ ምን ሆኖ ነው?» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

እሱ የተወውን ሻይ ታዲያ እንዳይደፋ ብለው ራሳቸው ይጠጡታል። ተቀምጦ ያያቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን ሻይ ነበር። አንጀቱ እንዴት ቻለ ትዪኛለሽ? ቻለ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ እኚህ እናት የወለዱት እሱን ብቻ ስለሆነ ዥንጉርጉሩን ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደው።

ወረቀቱ የተለጠፈው እናትየው እግራቸው አብጦ ሐኪም ቤት ከገቡ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አነበብኩት፤ «ለመጠጥ አይሆንም» ይላል። «ምስጢር» የሚለው ማኅተም በመስመር ተሰርዞ፣ ጎኑ «ለሕዝብ ይፋ የተደረገ» የሚል ሌላ ማኅተም። ከሁለቱም ሥር ያው የእሱ ፊርማ። እንዴት ያለ ያማረ ፊርማ መሰለሽ… አንድ ጭረት እንኳ አልተዛነፈም።

ለስብሰባም ጠራን። «መረጃ እንደ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሰዓቱ ከተሰጠ ሕዝብ ይታወካል» ብሎ አስረዳን። ልክ ነው እኮ። እኛም ሳንታወክ ጠጣን። ለምን ይህን ያህል ቆየ ስንለው፣ ፋብሪካው ማጣሪያ እስኪያስገባ ስሙ እንዳይጠፋ ነው አለ። ስም ከጠፋ በምን ይገኛል፣ ሲስተር? ኩላሊትማ ሁለት ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «እናትህስ?» አሉት። «ሕግ ዘመድ አያውቅም» አላቸው። አጨበጨብንለት… የእኔ እጅ ስላበጠ ጭብጨባዬ ብዙም አልተሰማም።

አሁን ደግሞ በግልጽነት ተሸለመ አሉ። ይገባዋል። ቀድሞ የተሸለመው በምስጢር ጠባቂነት ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት የቻለ ማን አለ?

እትዬ ነቁ መሰለኝ… አዎ እትዬ፣ እዚሁ ነን። ምን አሉ? … «ልጄ ምሳ በልቷል ወይ?» ነው የሚሉት። ይኸው ሲስተር፣ እናት ማለት ይህች ናት። የውሃውን ውጤት እስካሁን አልነገርናቸውም፤ እንዳይታወኩ።

ሊሄዱ ነው እንዴ ጌታዬ? ሥራ በዝቶ ይሆናል፤ አይቆዩ፣ እኔ አለሁ። ልጆችዎን ይሳሙልኝ። እግዜር ያሳድግልዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፤ አርጅተው ከአልጋ ሲውሉ፣ እርስዎ ለእናትዎ የሆኑላቸውን ሁሉ ልጆችዎም ለእርስዎ ይሁኑልዎ። አሜን ይበሉ እንጂ… ምርቃት እኮ ነው።