የማልኩት ለሙጫው ብቻ ነው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ጣይባ ጀይላን
ዕድሜ፦ 52 ዓመት
ሥራ፦ የግራር ሙጫ ለቅሞ መሸጥ
አድራሻ፦ ቀወት ወረዳ፣ ጀውሃ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት፣ ሸዋሮቢት
ጉዳዩ፦ ተጠርጣሪ ካሚል አብዱረዛቅ የካንሰር መድኃኒት ነው እያለ ስለሸጠው ዱቄት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ተጠርጣሪውን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጠብ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ከካሚል ጋር ለመጣላት እሱም ቁም ነገር ሊኖረው ይገባ ነበር። አስረኛ ክፍል ደርሷል ይባላል። ደርሶ ምን እንደተማረ ግን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ዶ/ር ፌቨን የተባሉ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ወደ ጀውሃ መጡ። ለካንሰር መድኃኒት ምርምር የግራር ሙጫ ይፈልጉ ስለነበር ሠላሳ ዓመት ሙጫ የለቀምኩት እኔ ዛፎቹን እንዳሳያቸው ተጠየቅሁ። ካሚል ዕቃቸውን ሊሸከም ተቀጠረ። አሥራ አንድ ቀን ቆላውን አብረን ዞርን። እሳቸው የትኛው ሙጫ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ በወረቀት ሲጽፉ፣ ካሚል የእሳቸውን ነጭ ጋዋን ለብሶ በስልኩ ፎቶ ይነሳ ነበር።

በመጨረሻው ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ግራር ሥር ተቀምጠን ሙጫው ምን እንደሚሠራላቸው ጠየቅኋቸው። ሙጫው በዓይን ወደማይታይ፣ «ናኖ» ወደሚሉት ደቃቅ እንክብል እንደሚለወጥ፣ የካንሰሩን መድኃኒት ውስጡ ይዞ በደም እንደሚጓዝ፣ እብጠቱ ጋ ሲደርስ እንደሚያራግፈው፣ ጤነኛው ገላ ያን ያህል እንደማይጎዳ አስረዱኝ። እኔም እንግዲያው ሙጫው አህያ፣ መድኃኒቱ ጭነት ነው አልኳቸው። ስቀው ልክ ነው አሉ። ገና በአይጥ ላይ እየተሞከረ እንደሆነ፣ ለሰው ለመድረስ ብዙ ዓመት እንደሚቀረው፣ ሙጫ ብቻውን ደግሞ ካንሰር እንደማያድን በግልጽ ተናገሩ። ያልተማርኩት እኔ ገባኝ። ካሚል እዚያው አጠገባችን ነበር። ሲሄዱ፣ ስሜ ነው ብለው ያሳዩኝ ጥልፍ ያለበትን ጋዋን ትተውለት ሄዱ።

በሰኔ ወር ካሚል ቤቴ መጥቶ ዶክተሯ ተጨማሪ ሙጫ እንደጠየቁና ንጹሑን መርጬ እንድሰጠው ነገረኝ። መርጬ ሰጠሁት። ለካስ ሸዋሮቢት መናኸሪያው ጀርባ ክፍል ተከራይቶ «ናኖ» የሚባል መድኃኒት ቤት ከፍቷል። ኤዲያ! ሙጫዬን በሙቀጫ ወቅጦ፣ በሻሽ ነፍቶ፣ በላስቲክ ቋጥሮ ነው የሸጠው። ዶክተሯ በስንት ማሽን የሚደክሙበትን እሱ በሻሽ ጨረሰው። ጭነት የሌለው አህያ ሸጠ ማለት ነው።

ወ/ሮ እመቤት ጀውሃ አስፋልት ዳር ለመኪና ሹፌሮች ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቴ ናት። ሃያ ዓመት ደግ ክፉውን አብረን አይተናል። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት አዲስ አበባ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀምራ ነበር። ሁለት ጊዜ ወስዳ ፀጉሯ ረገፈ፣ አፏ ቆሰለ፣ የራሷን ወጥ ሽታ ጠላች። ይሄኔ ካሚል ደረሰላት። የሆስፒታሉ መድኃኒት ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፣ የእኔ ግን የበሽታውን ቤት ያውቃል፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ መንገድ ይስታል ብሎ የሆስፒታሉን አስተዋት። ዱቄቱ ቦታውን እንዲያገኝም በታመመው በግራ ጎኗ እንድትተኛ አዘዛት። አህያ እንኳ ገበያ የሚደርሰው ተነድቶ ነው! ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አምስት ቀጠሮ አለፋት።

ጥቅምት 17 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ምግብ ቤቷ ስገባ ዱቄት በውኃ ስትበጠብጥ አገኘኋት። ጠይቄያት የካሚልን ነገር ሁሉ ያን ዕለት ነገረችኝ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ የራሴ ሙጫ ነው። ወዲያው በሚኒባስ ሸዋሮቢት ሄድኩ። ካሚል ጋዋኑን ለብሶ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ «ዶ/ር ፌቨን» የሚለው ጥልፍ እንዳለ ነው። አምስት ወር ሙሉ ማንበብ የሚችል ሁሉ ገብቶ ሲወጣ፣ ይሄ ጎረምሳ ከመቼ ወዲህ ፌቨን ሆነ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ለእነሱም አዘንኩ ማለት አልችልም። ጭነቱስ የት አለ? አልኩት። «እትዬ ጣይባ፣ ይሄ የሳይንስ ነገር ነው፣ አይግቡበት» አለኝ። ከአፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እሱ ነው። በማግስቱ ከእመቤት ወንድም ጋር መጥተን አመለከትን።

ካሚል በሰጠው ቃል ጣይባም መስክራለታለች ማለቱ ተነግሮኛል። በሕይወቱ አንድ እውነት ከተናገረ እሷው ናት። ሐምሌ 12 ቀን 2007 ዓ.ም. ጠዋት እመቤት አንድ ቋጠሮ ፈታ የተወቀጠ ሙጫ አሳየችኝና የእኔ መሆኑን ጠየቀችኝ። ለቆሰለው አፏ ልታሟሟው መስሎኝ ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኋትም። እኛ ሙጫ ሻጮች አሸዋና የሌላ ዛፍ ሙጫ የሚደባልቅ ስለሞላ ለገዢ ሁሉ መማል ልማዳችን ነው። ቀምሼው ወላሂ የእጄ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሌላ ምንም አልገባበትም ብዬ ማልኩላት። እውነቴን ነበር፤ ምንም አልገባበትም። በማግስቱ አዲስ አበባ የሚወስዳት መኪና መጥቶ ሳትሳፈር ቀረች። መርማሪው ይህ ለክሱ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ። ካሚልን ሲንቅ የከረመው አፌ የራሱንም ጥፋት ይናገር።

እመቤት ሆስፒታል ተመልሳለች። በሽታው ወደ ሳንባዋ አልፏል ተብላለች። ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ቤቷ ሄጄ ሳለ «እትዬ ጣይባ፣ ትድኛለሽ ብለው ይማሉልኝ፤ እርስዎ በውሸት አይምሉም» አለችኝ። ለአንድ ማዳበሪያ ሙጫ አሥር ጊዜ የምምል ሴትዮ አንዴ መማል አቃተኝ። ትራሷን ላስተካክል ስል አሁንም በግራ ጎኗ እንደተኛች አየሁ። ላገላብጣት ብሞክር እጄን ይዛ ከለከለችኝ።

ከላይ ያለው ሁለት ጊዜ ተነቦልኛል። በመጀመሪያው ንባብ «ካሚል በስህተት» የሚል ስለተሰማኝ አሰርዤዋለሁ። የቀረው ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ ለዚህኛው እምላለሁ።

የምስክሯ የአውራ ጣት አሻራ፦ ጣይባ ጀይላን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን አማኑኤል ጌታቸው (ፊርማ)