ጋሽ ኩማ ያስቆሙት ፊልም

ጋሽ ኩማ፣ ዛሬ በሽኝትዎ ማስቆም የለም፤ እስክጨርስ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ዘይነብ እባላለሁ፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከእሳቸው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ከባጃጅ ወረዱ። የጥበቃው ከበደ ልጅ የታመመባቸው መስሎት «አባቴ፣ ክሊኒኩ በዚያ በኩል ነው!» ብሎ እየሮጠ መጣ። ሲገልጡት ቴሌቪዥን! ከሳሎናቸው ነቅለው ያመጡት ነው። የዓርብ ፊልማችን በዚያች ቴሌቪዥን ተጀመረ።

አመላቸውን ታውቁታላችሁ። ፊልሙ ልብ ሊሰቅል ሲል ሪሞቱን ይጫኑና «እናንተ ብትሆኑስ?» ይላሉ። ሁሉም ሳይመልስ አይቀጥልም። ጴንጤዎቹ ጥቅስ ያወጣሉ፣ ኦርቶዶክሶቹ ይሟገታሉ፣ እኔም ሐዲስ እጠቅሳለሁ። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ሳሉ «ጥቅሱስ ገባኝ፤ አንቺ ራስሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ያፋጥጡኛል። ስንከራከር መብራት ይሄዳል። ስንቱን ፊልም ሳንጨርስ ተነሥተን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄደናል!

አሁን ቀልዱን ልተው። የዛሬ ስምንት ዓመት ለዓርብ ፊልማችን የተገዛውን አዲሱን ፕሮጀክተር ጥዬ የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። ፈራሁና ዝም አልኩ። ጥፋቱ በጽዳት ሠራተኛዋ በብርቅዬ ተላከከ፤ የስንብት ደብዳቤዋ ሁሉ ተጽፎ ነበር። ያን ዓርብ ጋሽ ኩማ በአሮጌዋ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም ከፈቱ። አንድ ሰው የራሱ ጥፋት በጎረቤቱ ሲላከክ ቆሞ ያያል። አስቆሙት።

«ዝም ያለ ሰው ዋሽቷል?»

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «እኔማ…» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። «አትቸኩይ፣ እንጠብቅሻለን» አሉኝ። ተነሥቼ በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ።

ስመለስ ሰው ሁሉ ሄዷል፤ እሳቸው ብቻ ተቀምጠዋል። «ያውቁ ነበር እንዴ?» አልኳቸው። «እኔ ፊልም ነው ያሳየሁት» አሉ። እስከ ዛሬ ከዚህ ሌላ አልነገሩኝም።

ጋሽ ኩማ፣ ያን ቀን ባያስቆሙን ኖሮ ዛሬ አጠገብዎ የተቀመጠችውን ብርቅዬን ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሡ! ለጋሽ ኩማ ጤና፣ ቡሹሎ ላሉት ላሞቻቸው ወተት ይስጥልን፤ ጥያቄያቸውም አይጥፋብን!

የዚያን ፊልም መጨረሻ ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ሲዲውን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ጋሽ ኩማ፣ ዓርብ ይምጡና አብረን እንጨርሰዋለን፤ ሪሞቱን የምትይዘው ግን ብርቅዬ ናት።